ፍላሾችን ለየብቻ ማዘዝ፤ ከዳንግላ የሠርግ አዳራሽ እስከ እንጅባራ ሜዳ

ጥር ለአዊ ዞን ፎቶ አንሺዎች ፋታ የሌለው ወር ነው። በዳንግላና በእንጅባራ አዳራሾች ሠርግ ይደገሳል። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራል። ሠርጉም ሆነ በዓሉ ለፎቶ አንሺው ተብሎ አይደገምም።

አዳራሽ ውስጥ ካሜራው ላይ በተሰካ አንድ ፍላሽ ብቻ የተነሳ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ፊትን ጠፍጣፋ፣ ከኋላ ያለውን ደግሞ ጨለማ ያደርጋል። ሁለት ወይም ሦስት ፍላሾችን ከካሜራው አርቆ በስታንድ ላይ ማቆም የተለመደውም ለዚህ ነው። ሆኖም ሦስቱም አብረው ስለበሩ ብቻ ሥራው ተሳካ ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን ኃይል ለየብቻ መወሰን ካልተቻለ የሚገኘው ብዙ ብርሃን እንጂ የተስተካከለ ብርሃን አይሆንም።

የማብሪያ መንገዶች

ከካሜራ የራቀ ፍላሽ በሦስት መንገድ ይታዘዛል። የመጀመሪያው ገመድ ነው፤ አስተማማኝ ቢሆንም በሠርግ ላይ የእንግዳ እግር ይጠልፋል። ሁለተኛው የሌላ ፍላሽ ብርሃን ሲያይ አብሮ የሚበራ ሴንሰር ነው። ይህ ርካሽ ቢሆንም የማንኛውም እንግዳ ካሜራ ፍላሽ ሲበራ የእርስዎም ይበራል፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ምልክቱን ሊስት ይችላል። ሦስተኛው የሬዲዮ ትሪገር ሲሆን፣ ብዙዎቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ፍላሹ ከዓምድ ጀርባ ቢቆምም ትእዛዙ ይደርሰዋል።

ፍላሾችን በምድብ ከፍሎ ያለ ገመድ ማዘዝ አዲስ ነገር አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1998፣ ኒኮን ደግሞ በ2003 ባወጧቸው ፍላሾች ይህ በብርሃን ምልክት ይሠራ ነበር። ካኖን በ2012 ሬዲዮ የተገጠመለት ፍላሽ አወጣ። ዛሬ እንደ ጎዶክስ ያሉ የቻይና አምራቾች ይህንኑ በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባሉ።

ቻናልና ግሩፕ

ሁለቱን አለማምታታት ያስፈልጋል። ቻናል እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ትሪገሩና ፍላሾቹ ሁሉ በአንድ ቻናል መሆን አለባቸው። ግሩፕ ደግሞ በዚያ ቻናል ውስጥ ለእያንዳንዱ ፍላሽ የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ይቀጥላል። ተመሳሳይ መሣሪያ የያዙ ሁለት ፎቶ አንሺዎች በአንድ አዳራሽ ቻናላቸው ከገጠመ፣ አንዱ ባነሳ ቁጥር የሌላው ፍላሽ ይበራል። ቀለበቱ በሚጠለቅበት ቅጽበትም ፍላሹ ኃይል ሳይሞላ ቀርቶ ፎቶው ሊጨልም ይችላል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቻናል መስማማት ይገባል።

አሠራሩ በተግባር

ለምሳሌ ግሩፕ ኤ ዋናው ብርሃን ይሁን፤ ከሙሽሮቹ ፊት ወደ ጎን፣ 2 ሜትር ርቆ፣ በ1/8 ኃይል። ግሩፕ ቢ በሌላው ጎን በተመሳሳይ ርቀት ጥላውን እንዲያሳሳ በ1/32፣ ግሩፕ ሲ ደግሞ ሙሽሮቹን ከጨለማው እንዲለይ ከኋላ በ1/16 ይሁን። መጀመሪያ ሁሉንም አጥፍተው አንድ ፎቶ ያንሱ። ቀጥሎ ኤን ብቻ፣ ከዚያ ቢን ብቻ፣ በመጨረሻም ሲን ብቻ አብርተው ይሞክሩ። ሦስቱን በአንድነት የሚያበሩት የእያንዳንዱን ሥራ ለብቻው ካዩ በኋላ ነው። ይህ ካልተደረገ ፎቶው ሲበላሽ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ርቀትም ኃይል ነው። ፍላሹ ከ2 ወደ 4 ሜትር ሲርቅ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ግሩፕ ኤ ወደ 4 ሜትር ከተገፋ 1/8 የነበረው ኃይል ወደ 1/2 ከፍ ማለት አለበት።

የፍላሹን ኃይል ራሱ የሚለካው ቲቲኤል የተባለው ዘዴ ነጭ የሐበሻ ልብስ ሲበዛበት ይታለላል። ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ልብሱ አመድማ፣ ፊት ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሰውና ፍላሽ ቦታቸውን በማይቀይሩበት ሥራ በእጅ ማስተካከሉ ይመረጣል።

ከሜዳ ላይ

በእንጅባራ ፀሐይ ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ ሲፈጥኑ የፎቶው ከፊል ይጨልማል። ሃይ ስፒድ ሲንክ ይህን ቢፈታም የፍላሹን አቅም በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፍላሹን ማቅረብ ግድ ይሆናል። ፈረስ ግን ድንገት ከአጠገቡ በሚበራ ብርሃን ሊደነግጥ፣ ጋላቢውንም ሊጥል ይችላል። ስለሆነም ግልቢያውን ያለ ፍላሽ ማንሳት ነው የሚሻለው። ፍላሹ ከግልቢያው በፊት ወይም በኋላ፣ ፈረሱ ቆሞ፣ ባለቤቱም ፈቅዶ ለሚነሳ ፎቶ ይቆይ። ያኔም ቢሆን በአንድ ግሩፕና በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ ፈረሱ ሲለምደው ሌላውን መጨመር ነው።