የሚፈታ ዕቃ

ባለፈው ክረምት አንድ የቃሊቲ ጎረቤቴ ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤቴ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ የጉምሩክ አስተላላፊ ናቸው። «ሞቷል አሉኝ ልጄ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። አንድ ጥገና ቤት ወስደውት «ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ከማሠራት ሌላ መግዛት ይሻላል» ተብለዋል። ውስጡ የአሥር ዓመት የደንበኛ ሰነድ አለ። በማግስቱ ደግሞ ኮንቴይነር ማስለቀቅ ነበረባቸው። ኮንቴይነር ቆሞ ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራልና ጭንቀታቸው የዕቃ ብቻ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ጨርሶ አይነሳም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መነሳቱስ ይነሳል፤ ግን እንደ እኔ ነው የሚነሳው።»

እውነትም አንድ ሰነድ ለመክፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ላይ ተገትሯል፤ ገመዱ ተሰክቶም ንቅንቅ አይልም።

አንባቢዬ ይታገሠኝና፣ ምርመራውን ከመቀጠሌ በፊት የዚህን ዕቃ የዘር ሐረግ ላውጋ። አለዚያ በሽታው አይገባንም።

ዛሬ «የቢሮ ላፕቶፕ» የምንለው ዘር መልኩን የያዘው ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ ነው። አይቢኤም ቲንክፓድ 700ሲ የተባለውን ጥቁር ሣጥን ያወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1992፣ በእኛ 1985 ዓ.ም. በጠባ ሰሞን ነበር። ማሳያው 10.4 ኢንች፣ ዋጋው 4,350 ዶላር። ዴልም እ.ኤ.አ. በ1994 ላቲቲዩድን አስከተለ። እነዚህን የሚገዛው ግለሰብ ሳይሆን ኩባንያ ነው፤ ያውም በመቶና በሺህ እየቆጠረ። ኩባንያ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ማሽኑ ተበላሽቶበት ሳምንት ሙሉ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ስለዚህ ማሽኑ በካቻቪቴ የሚፈታ፣ ዲስኩ ወጥቶ የሚገባ፣ ሚሞሪው የሚነቀል ሆኖ ተሠራ። አምራቾቹ የትኛው ብሎን በየትኛው ተራ እንደሚፈታ የሚያሳይ የጥገና መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። የቲንክፓዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ቻይናው ሌኖቮ ሲዛወርም ይህ ልማድ አልቀረም።

ኩባንያዎቹ ማሽኑን ሦስት አራት ዓመት ከሠሩበት በኋላ በጅምላ ይሸጡታል። ያ ነው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዱባይ በኩል ዞሮ «ዩዝድ» ተብሎ እጃችን የሚገባው። የጎረቤቴም ላቲቲዩድ እንደዚሁ የመጣ ነው። ለሌላ አገር መሥሪያ ቤት ምቾት ተብሎ የተሠራ መፈታት፣ የእኛ ድኻ ሸማች መዳኛ ሆነ ማለት ነው።

መለዋወጫ ለአቃቂ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካም ሐሳቡ በስሙ ላይ ተጽፏል፤ የውጭ ማሽን ሲሰበር ክፍሉን እዚሁ እንሥራው ነው። ፋብሪካው በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ገብቶ ስሙም ተለውጧል። ነገር ግን የብረት ጥርስ ይቀረጻል እንጂ የሚሞሪ ቺፕ እዚህ አይቀረጽም። ለላፕቶፕ የቀረን ጥበብ መምረጥ ብቻ ነው።

መምረጡም ቀላል አይደለም። ዲዲአር3 የሚባለው የላፕቶፕ ሚሞሪ 204 እግር፣ ዲዲአር4 260 እግር አለው፤ ጥርሳቸውም ቦታው ይለያያል፤ በግድ አይገባም። የባሰው ተንኮል በአንድ መልክ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ሲሠራ «ኤል» የተጨመረበት በ1.35 ይሠራል። ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ማሽን ላይ የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ጨለማ ማሳያ ሲያይ ይውላል፤ ከዚያ «ማዘርቦርዱ ሄደ» ይባላል። ዲስክ ላይ ግን ምክሬ አጭር ነው፤ የሚሽከረከረውን አውጥቶ ኤስኤስዲ ማስገባት ለአሮጌ ማሽን ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

አምራቾቹም ቅዱሳን አልነበሩም። አንዳንዶቹ የራሳቸው ዝርዝር ውስጥ የሌለ የዋይፋይ ካርድ ሲገባ ማሽኑ አልነሳም እንዲል አድርገውታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ማክቡክ ኤር ሚሞሪውን በብየዳ አጣበቀው፤ የቢሮው ቲንክፓድም በ2012 ኤክስ1 ካርቦን በተባለው ልጁ ያንኑ መንገድ ተከተለ። ቀጭን ሆነ፤ መፈታቱ ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለእኛ አገር ገበያ ክፉ ንግድ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ማሽኑ ሲነሳ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ አለ፤ እሳቸውም ቶሎ ብለው አንድ ቁልፍ ነክተው አሳለፉት። «ምንድን ነው ያለው ጋሼ?» ብላቸው «ሁልጊዜ ይላል፤ አልፈዋለሁ» አሉ። ጽሑፉ የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም ይላል።

የዚያ ዘመን የዴል ቻርጀር ክብ ጫፍ መካከል እንደ መርፌ የቀጠነች እግር አለች። ኤሌክትሪኩን የምታደርሰው እሷ አይደለችም። ሥራዋ ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ «እኔ 65 ዋት ነኝ» ወይም «90 ዋት ነኝ» ስትል መልእክቱን ማድረስ ነው። መልእክቱ ካልደረሰ ማሽኑ ጉልበቱን አይጨርስም፤ ባትሪውን አይሞላም፤ ፕሮሰሰሩንም ያዘገየዋል። ከሥጋት የመነጨ ጥንቃቄ ነው፤ ከውጭ ለሚያየው ግን ሞት ይመስላል።

ጫፉን በባትሪ መብራት አየሁት። መርፌዋ ተጣማለች። ወንበር ገመዱን ጎትቶት እንደነበር ያኔ ትዝ አላቸው። ከአንድ ወዳጄ የ65 ዋት ቻርጀር ተውሼ ስሰካው ዘጠኙ አሥር ሆነ፤ ሰነዱም ቡና ሳይፈላ ተከፈተ። ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጥለው ነበር እኮ» አሉ።

ቢጥሉት ኖሮ መንገዱ ይታወቃል፤ ቁራሌው ነው። ደግነቱ አቃቂ የኮምፒዩተር መፍቻም አላት። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ የሚበተንበት ማእከል እዚሁ ተቋቁሟል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ወጥቷል። እርሳሱም ሌላውም መርዝ ወደ አቃቂ ወንዝ እንዳይወርድ የታሰበ ነው። እኔ ግን እዚያ የሚገባው ክምር ውስጥ ስንቱ በእውነት ሞቶ፣ ስንቱ መርፌው ተጣሞ እንደገባ ሳስብ እቆያለሁ።

ጎረቤቴ በማግስቱ ጠዋት በተዋስኩት ቻርጀር ሠርተው ኮንቴይነሩን አስለቀቁ። ከሰዓት 19.5 ቮልትና 65 ዋት የሚል ወረቀት ጽፌላቸው ገበያ ወጡ፤ ማሽኑን ይዘው እንዲሄዱና ጽሑፉ መጥፋቱን ሳያዩ እንዳይከፍሉም አሳሰብኳቸው። የተጣመመውን ለቁራሌው ሊሰጡት አልፈቀዱም። ገመዱ ይጠቅማል ብለው በራቸው ላይ በሚስማር ሰቅለውታል።