ከሰሙ በኋላስ? የጤና ባለሙያዎች ሥልጠናና የቤት ውስጥ ጥቃት

በጤና ተቋምና በፖሊስ ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የቤት ውስጥ ጥቃትን ለይተው እንዲያውቁ ማሠልጠን ዛሬ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው የሥልጠናው ይዘት ነው። የተለመደው ሥልጠና ምልክቶችንና የሕግ አንቀጾችን ያስተምራል፤ መነሻው ባለሙያው ስለማያውቅ ነው የማይረዳው የሚል ነውና። ማስረጃው ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው የአይሪስ ጥናት በለንደን ሃክኒና በብሪስቶል የሠለጠኑ 24 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችን ካልሠለጠኑ 24 ጋር አነጻጽሯል። በአንድ ዓመት ውስጥ ያልሠለጠኑት 236 የጥቃት ጉዳዮችን መዝግበው ወደ ድጋፍ ሰጪዎች የላኩት 12 ብቻ ነበር። የሠለጠኑት 641 መዝግበው 223 ላኩ። የተመዘገበው ጉዳይ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ የተላከው ከአሥራ ስምንት እጥፍ በላይ ጨመረ። ሥልጠናው ሁለት ሁለት ሰዓት የሚፈጁ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ነበሩት፤ ነገር ግን ክሊኒኮቹ ተጎጂዋን በስም ለሚያውቋት የድጋፍ ሠራተኛ የሚያስተላልፉበት መስመር ተዘርግቶላቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል ስለተፈተነ የሥልጠናውንና የመስመሩን ድርሻ መነጠል ያስቸግራል። ሆኖም ያልሠለጠኑት ሐኪሞች ያን ያህል ሰምተው ያን ያህል ጥቂት መላካቸው ጉድለቱ በአብዛኛው ከመስማት በኋላ እንደሚመጣ ያሳያል።

በኢትዮጵያ የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታ የፈለጉትም በዋናነት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሌላ ባለሙያ ሁሉ ይልቅ ለጉዳዩ ትቀርባለች። ቅርበቷ ግን አደጋም አለው፤ የባልየው ጎረቤት ወይም ዘመድ ልትሆን ትችላለች። ባል ወይም አማት ባሉበት አለመጠየቅ፣ የሰሙትን ምሥጢር መጠበቅ፣ ለመናገር ያልፈለገችን ሴት አለማስገደድ የሥልጠናው እምብርት መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ሴቶችን ሁሉ ያለ ምልክት መጠየቅን አልመከረም።

ተጎጂዋ የምትላክበት ማዕከል ሳይኖር መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ እንደ አዲስ አበባው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለ ለጥቃት ተጎጂዎች የተቀናጀ አገልግሎት በየወረዳው የለም። ነገር ግን መስመር ማለት ሕንፃ ማለት አይደለም። ስልኳ የሚታወቅ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስና ጉዳዩን የሚቀበል አንድ የተመደበ የፖሊስ መርማሪ ካሉ መስመሩ ተጀምሯል፤ እነሱን ሳይሰይሙ ሠልጣኝ መሰብሰብ ግን የአበል ብክነት ይመስለኛል። ሌላው ተቃውሞ የቤት ገመና ለሽማግሌ እንጂ ለባለሙያ አይወጣም የሚለው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው የትዳሩን መቆም ነው። ባለሙያዋ ሽምግልናን መቃወም አይጠበቅባትም። ሴትየዋ ዕርቅን ብትመርጥ እንኳ፣ ዛሬ ማታ ወደዚያ ቤት መመለስ ያሰጋት እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋታል።