ሳየን፦ ቶዮታ ለወጣቶች ፈጥሮ ከ13 ዓመት በኋላ ያከሰመው የመኪና ስም

የጃፓኑ መኪና አምራች ቶዮታ የካቲት 2016 መጀመሪያ ላይ "ሳየን" የተሰኘውን የንግድ ስም እንደሚያከስም አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳየን በሰሜን አሜሪካ ወጣት ገዢዎችን ለመሳብ የተፈጠረ ስም ነበር። በ13 ዓመት ዕድሜውም ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖች ተሸጠውበታል።

ውሳኔው ከዚያ ቀደም ከታዩት የመኪና ስሞች መዘጋት ይለያል። ጀነራል ሞተርስ ኦልድስሞቢልን በ2004፣ ፖንቲያክንና ሳተርንን ደግሞ በ2010 ሲያቆም የጠፉት ስሞቹ ብቻ አልነበሩም፤ በርካታ የሽያጭ ድርጅቶችም አብረው ተዘግተዋል። በሳየን ጊዜ ግን የተዘጋ ፋብሪካ አልነበረም፤ ከመኪኖቹም አብዛኞቹ በቶዮታ ስም መመረታቸውን ቀጥለዋል። በዋናነት ያበቃው፣ ወጣቱን ለመማረክ ከወላጆቹ መኪና የተለየ ስም ያስፈልጋል የሚለው እምነት ነው።

የወላጆች መኪና

በ1990ዎቹ መጨረሻ ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ በጥንካሬውና በቁጠባው የተመሰገነ ነበር። ይህ መልካም ስም ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። ካምሪና ኮሮላ የወላጆች መኪና ተደርገው ይታዩ ጀመር፤ ደንበኞቹም በዕድሜ እየገፉ ሄዱ። በአንጻሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ትውልድ ልጆች የመጀመሪያ መኪናቸውን የሚገዙበት ዕድሜ ላይ እየደረሱ ነበር።

ኩባንያው በመጀመሪያ የሞከረው በራሱ ስም ነው። "ጀነሲስ" በተሰኘ ፕሮጀክት ኤኮ የተባለችውን አነስተኛ መኪና፣ እንዲሁም ሴሊካንና ኤም አር ቱ ስፓይደርን ለወጣቶች አቀረበ። ሙከራው የታሰበውን ያህል አልሠራም። በተለይ ኤኮን ከወጣቶች ይልቅ ቆጣቢ መኪና የሚፈልጉ በዕድሜ የገፉ ገዢዎች ወደዷት።

እንቅፋቱ ስሙ ከሆነ ስሙን መለወጥ ይበጃል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቶዮታ በ1989 ባለጸጎችን ለመሳብ ሌክሰስን ፈጥሮ ተሳክቶለት ስለነበር፣ ሐሳቡ ለኩባንያው እንግዳ አልነበረም። ሳየን በ2002 በኒውዮርክ የመኪና ትርዒት ላይ ይፋ ሆነ፤ ሰኔ 2003 በካሊፎርኒያ መሸጥ ጀመረ፤ በ2004 መላ አሜሪካን አዳረሰ። ካናዳ የገባው በ2010 ነው።

ስሙ በእንግሊዝኛ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ የአንድ ቤተሰብ ዘር ወይም ወራሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ከአንድ ተክል ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ የሚዳቀል ቀንበጥ ነው። የሳየንን አቋም በትክክል የሚገልጸው ይህ ሁለተኛው ፍቺ ነበር። ሌክሰስ የራሱ መሸጫ ሕንጻዎች ሲኖሩት፣ ሳየን የሚሸጠው በቶዮታ መሸጫዎች ውስጥ በተለየ ጥግ ነበር።

ድርድር የሌለበት ዋጋ

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ኤክስ ኤ እና ኤክስ ቢ ነበሩ፤ በ2004 ባለሁለት በሯ ቲ ሲ ተከተለች። ኤክስ ቢ ቅርጿ ሳጥን የሚመስል፣ ብዙዎች ያሾፉባት፣ ጥቂት የማይባሉ ደግሞ በዚያው መልኳ የወደዷት መኪና ናት። የኤክስ ኤ መነሻ ዋጋ 13 ሺህ ዶላር፣ የኤክስ ቢ ደግሞ 14 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

አሻሻጡም አዲስ ነበር። አሜሪካውያን መኪና ሲገዙ ከሻጩ ጋር ረዥም የዋጋ ድርድር ማድረግ ለምደዋል። የሳየን መሸጫ ግን ዋጋውን አስቀድሞ ለጥፎ በዚያው ይሸጥ ነበር። ገዢው መኪናውን በአነስተኛ አማራጮች ከወሰደ በኋላ ጎማውን፣ መብራቱን፣ የሙዚቃ መሣሪያውን በራሱ ምርጫ ያስጌጠዋል። ማስታወቂያውም በቴሌቪዥን ላይ ከመደገፍ ይልቅ በሙዚቃ ምሽቶችና በሥዕል ዐውደ ርእዮች ዙሪያ ያተኮረ ነበር።

ስልቱ መጀመሪያ ላይ ሠራ። በ2006 በአሜሪካ 173,034 የሳየን መኪኖች ተሸጡ። ይህ ቁጥር ግን ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

በምሥራቅ አፍሪካ ያሉት ዘመዶች

ሳየን የሰሜን አሜሪካ ስም ቢሆንም መኪኖቹ ለምሥራቅ አፍሪካ ባዳ አይደሉም። ኤክስ ኤ በጃፓን "ኢስት"፣ ኤክስ ቢ ደግሞ "ቢቢ" ተብለው ይሸጡ የነበሩት መኪኖች ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ በሰፊው የምትታወቀው የመጀመሪያዋ ቪትዝ በተሠራችበት መሠረት ላይ ነው።

ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ እንደ ጃፓን በግራ መሥመር ስለሚነዱ፣ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች መሪያቸው ሳይቀየር ይገባሉ። ኢስት በተለይ በዳሬሰላም ጎዳናዎች እጅግ የተለመደች ናት። በካሊፎርኒያ የወጣትነት መገለጫ ተብላ የቀረበችው መኪና በዚህ አካባቢ የምትመረጠው ነዳጅ ስለምትቆጥብ፣ መለዋወጫዋ ስለማይጠፋና መልሳ ስለምትሸጥ ነው። ብረቱ ያው ሆኖ ሳለ "የወጣት መኪና" የሚለው ትርጉም የተጨመረበት በገበያው ነው።

ለምን ወደቀ?

የመጀመሪያው ምክንያት ከመኪናዋ ከራሷ የመጣ ነው። በ2007 የቀረበችው ሁለተኛዋ ኤክስ ቢ ገዘፈች፣ ከበደች፤ ሞተሯም ከ1.5 ወደ 2.4 ሊትር አደገ። ቀላልነቷንና ለየት ማለቷን የወደዱላት ደንበኞች ቅር ተሰኙ።

ብዙም ሳይቆይ የ2008 የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። ሥራ አጥነትና የትምህርት ብድር የተጫነው ወጣት አዲስ መኪና መግዛቱን አቆየ። ሙሉ በሙሉ በወጣቶች ኪስ ላይ የቆመ ስም ከሌሎቹ ቀድሞ ተጎዳ፤ በ2010 ሽያጩ ወደ 45,678 ወረደ። በዚሁ ወቅት ኪያ ሶልን፣ ኒሳን ደግሞ ኪዩብን ይዘው በመምጣታቸው የሳጥን ቅርጽም የሳየን ብቻ መሆኑ አበቃ።

ኩባንያው በኋላ አዳዲስ መኪኖችን ጨምሯል። ከሱባሩ ጋር የሠራት የስፖርት መኪና ኤፍ አር ኤስ በ2012 ቀረበች፤ በ2015 ደግሞ ማዝዳ ሜክሲኮ ውስጥ ይሠራት የነበረችው አይ ኤ እና አይ ኤም ተከተሉ። ይሁንና የ2015 ሽያጭ 56,167 ብቻ ሆነ፤ ከ2006ቱ አንድ ሦስተኛ እንኳ አልሞላም።

ስሙ ሲከስም

ከነሐሴ 2016 ጀምሮ መኪኖቹ ወደ ቶዮታ ስም ተመለሱ። ኤፍ አር ኤስ "ቶዮታ 86"፣ አይ ኤም "ኮሮላ አይ ኤም"፣ አይ ኤ ደግሞ "ያሪስ አይ ኤ" ተባሉ። በሳየን ስም ለትርዒት ቀርቦ የነበረው ሲ ኤች አር ገበያ ላይ የዋለው በቶዮታ ስም ነው። ቲ ሲ ግን በዚያው ወር ምርቷ ቆመ።

መኪናውን ቀድመው የገዙ ሰዎች ዋነኛ ስጋት የጥገናና የዋስትና ጉዳይ ነበር። መኪኖቹ ከመጀመሪያውም የሚጠገኑት በቶዮታ መሸጫዎች ስለነበር አገልግሎቱ አልተቋረጠም። ለሳየን የተመደቡት 22 ሠራተኞችም በቶዮታ ውስጥ ወደ ሌላ የሥራ ድርሻ እንደሚዛወሩ ተነግሯል።

ሳየንን በምሥረታው ዘመን የመሩትና ውሳኔው ሲተላለፍ የቶዮታ ሰሜን አሜሪካ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጂም ሌንትዝ፣ እርምጃው ለሳየን ማፈግፈግ ሳይሆን ለቶዮታ ወደፊት መራመድ መሆኑን ገልጸዋል። ኩባንያው በበኩሉ ከሳየን ገዢዎች 70 በመቶው ከዚያ በፊት ቶዮታ ያልነበራቸው፣ ግማሾቹም ከ35 ዓመት በታች መሆናቸውን በመጥቀስ ስሙ ዓላማውን አሳክቷል ብሏል።

ይህ መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ የሽያጩን ማሽቆልቆል ግን አይሸፍንም። ወጣቶቹን ያመጣቸው ግልጽ ዋጋ፣ አነስተኛ ወጪና ለየት ያለ ቅርጽ ነበር፤ እነዚህ ሲደበዝዙ ስሙ ብቻውን ሊያቆያቸው አልቻለም። ከሳየን ቤት ወጥታ ረዥም ዕድሜ ያገኘችው ቶዮታ 86 ናት፤ አዲሱ ትውልዷ "ጂ አር 86" ተብሎ ቀጥሏል። እሷም የቆየችው የወጣት መለያ ስለለጠፈች ሳይሆን፣ መንዳት የሚወዱ ሰዎች በየትኛውም ዕድሜ ስለሚፈልጓት ነው።