የክረምት ብስክሌት፦ ከልደታ እስከ ጣና ዳር

አዲስ አበባ ላይ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው የክረምቱን ዝናብ የሚያገኘው በአብዛኛው በመመለሻው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋቱ ደመናማና ቀዝቃዛ ቢሆንም ያስኬዳል፤ ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ደጋውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ረፋድ ላይ ብቅ ያለችው ፀሐይም መሬቱን አሙቃ አየሩን ወደ ላይ ታስነሣዋለች። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንጦጦ ጠቁሮ ይታያል። ቀድሞ የሚደርሰው ግን ነፋሱ ነው። ከደመናው ሥር ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይበተንና አቧራና ፌስታል እያነሣ መንገዱን ይጠርጋል። ብስክሌተኛውን ከጎኑ መትቶ ወደ መኪናው መስመር የሚገፋውም እሱ ነው። ውሃው ከደቂቃዎች በኋላ ይከተላል፤ አንዳንድ ቀን በረዶ ይቀላቅላል። ከተማዋ በዓመት በአማካይ ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ ወራት፣ ከሁሉም በላይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ቢባልም መስከረም መጀመሪያም አያስተማምንም።

አዲስ አበባ የብስክሌት ከተማ ያልሆነችው በዚህ ዝናብ ምክንያት ነው የሚለው አስተያየት የተለመደ ነው። የአገሪቱ የብስክሌት ታሪክ ግን ዝናቡን ዋና ተከሳሽ አያደርገውም።

ከተማዋና የዛሬው ዓይነት ብስክሌት እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎቹ የሚመጣጠኑትን፣ የኋላው በካቴና የሚዞረውን ብስክሌት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ የሠራው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ነው። የአፄ ምኒልክ ከተማ ግን ጎማ ላለው ነገር አልተዘጋጀችም። መኳንንቱ በየኮረብታው፣ ጭፍራውና የግቢው አገልጋይ በየሥራ ድርሻው ሰፈረ። ዛሬ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጠመንጃ ያዥም ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጠመንጃ ያዥ ወታደሮች ነው። ሰፈርን ከሰፈር የሚለየው ወንዝ ነበር። ወንዞቹ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሁሉ ሸለቆ መውረድና መውጣት ነበረበት፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ እየሞላ ድልድይ ያልተሠራለትን ሰፈር ከቀረው ከተማ ይቆርጠው ነበር። ባለማዕረጉ በበቅሎ፣ ተከታዩ በእግሩ ጭቃውን ይሻገራል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ብስክሌት ከመንዳት ተሸክሞ መሄድ ይቀል ነበር።

መንገዱ መለወጥ የጀመረው በቀስታ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መዳመጫ የአዲስ ዓለምን መንገድ ዳመጠ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና ከተማዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡር ገባ። ያም ሆኖ ብዙው ጎዳና በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ሆኖ ቆየ።

ብስክሌት በብዛት መታየት የጀመረው ከኢጣሊያ ወረራ ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የወረራ ዓመታት አስፋልት ተነጠፈ፣ ጋራዥ ተከፈተ፣ የተሽከርካሪ ዕቃ ገበያ ገባ። ወራሪው ሲባረር ዕቃውና ሙያው ቀረ። ከጣሊያንኛ የተወሰዱት ቸርኬ፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ፍሬንና ፓራፋንጎ ዛሬም የብስክሌት ጠጋኙ ቋንቋ ናቸው፤ ጠጋኙም ራሱ ጎሚስታ ይባላል።

በዚያ ዘመን ብስክሌት ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው አስመራ ላይ ነበር። አስመራ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ ሆኖም ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ መንገዷ ቀድሞ የተነጠፈና ዝናቧ የአዲስ አበባን ግማሽ የማይሞላ ከተማ ናት። «ጂሮ ዲ ኤሪትሪያ» የተባለው ውድድር እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የኢትዮጵያ ብስክሌት ስፖርት በአንድ ጊዜ ጎለመሰ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተጉዘው ነበር፤ በጎዳናው ውድድር ገረመው ደንቦባ 25ኛ ሲወጡ ቡድኑ 9ኛ ሆነ። ለጀማሪ አገር ትልቅ ውጤት ነበር። በአዲስ አበባ ጎዳና ግን ስፖርቱ የዕለት ተጓዥ አላፈራም። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ፣ በኋላም ሴይቼንቶውና ውይይቱ ታክሲ፣ ሠራተኛውን ከዝናብ ከልለው ይወስዱት ጀመር።

ለአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት የሥራ መጓጓዣ ሳይሆን የኪራይ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። በየሰፈሩ ገላጣ ቦታ ላይ አከራዩ ሰዓት እያየ በሩብና በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ያከራይ ነበር፤ የማያውቀውን ልጅ መያዣ ያስይዘዋል። የሚገርመው የወቅቱ ነገር ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ፣ ሜዳው በሚጨቀይበት ጊዜ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሳንቲም እጃቸው ሲገባና ሰማዩ ሲገለጥ ግን አከራዩ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ የከተማው ልጅ ሳይክል መንዳትን የተማረው ጥቢ ላይ ነው፤ በዝናብ የመንዳት ልምድ አላካበተም።

በዝናብ መንዳት የራሱ ዘዴ አለው። ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ የተነዱት እንደ ፊኒክስ ያሉ ባለ ብረት ቸርኬ ብስክሌቶች ፍሬናቸው በዘንግ የሚሳብ ነው፤ እጀታው ሲጨበጥ ዘንጉ የላስቲኩን ጫማ ወደ ቸርኬው ይስበዋል። ቸርኬው ደረቅ ከሆነ ይሠራል። ሲርስ ግን በላስቲኩና በለስላሳው ብረት መካከል ቀጭን የውሃ ሽፋን ይገባና ጫማው ይንሸራተታል፤ ጎማው የተወሰነ ዙር ዞሮ ውሃው እስኪጠረግ ድረስ ብስክሌቱ የሚቆም አይመስልም። ከመርካቶ በአብነት በኩል ወደ ልደታ እየወረደ ያለ ሰው ደግሞ ያን ትርፍ ርቀት የሚያገኝበት ቦታ የለውም። የለመደ ሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን ቀለል አድርጎ እየያዘ ቸርኬውን ያደርቃል፣ መቆም ሲፈልግም አስቀድሞ ያስባል። ውሃ የሞላውን ጉድጓድ አይገባበትም፤ ክዳኑ የተነሣ ቱቦ ሊሆን ይችላል። በ2000ዎቹ በየውስጥ ለውስጡ የተነጠፈው ኮብልስቶንም እግረኛውን ከጭቃ ቢገላግለውም ሲርስ ለቀጭን ጎማ ያዳልጣል። ቤት ሲገባ ካቴናው ካልተጠረገና ዘይት ካልተቀባ ክረምቱ ሳያልቅ ይዝጋል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት የሚነዳ ሰው በጀርባው ላይ ከታች እስከ ላይ በተሳለው የጭቃ መስመር ይታወቃል።

ዝናቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ቀድማ ብስክሌት መተው ነበረባት። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ የሚወርድ። ነጎድጓዱም ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስም አያንሳትም። ሆኖም በኢትዮጵያ የብስክሌት ከተማ ተብላ የምትጠራው እሷ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ፣ በሐይቁ ዳር የተዘረጋች ናት፤ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎቿም በዕቅድ የተቀየሱ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ሲከፈቱ ሰዓት ጠብቆ የሚገባና የሚወጣ ነዋሪ በዛ። ለዚህ ሰው ብስክሌት ከአውቶቡስም ከእግርም የተሻለ ነበር። ክረምት ሲመጣ ብስክሌቱን አይሰቅልም፤ ላስቲክ ይደርባል፣ ወይም በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ በሌላው ይነዳል። ይህ ሁለተኛው ልማድ ነፋስ ሲነሣ አደገኛ ነው፤ ጃንጥላው ሸራ ሆኖ መሪውን ይጠመዝዘዋል። መምህሩም ሠራተኛውም ሴት ተማሪዋም እኩል ይነዱ ስለነበር ብስክሌት በባሕር ዳር የድህነት ምልክት ወይም የልጅ ጨዋታ ተደርጎ አልታየም። የከተማዋን ብስክሌት ያሳሳው ዝናብ ሳይሆን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጎዳናውን የሞላው ባጃጅ ነው። ዝናባማዎቹና ነፋሻማዎቹ ኮፐንሃገንና አምስተርዳምም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው፦ ሜዳማ መሬትና ከመኪና የተለየ መስመር ካለ ሰው እየረጠበም ይነዳል።

አዲስ አበባ ሁለቱም ጎድለዋት ኖረዋል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ተራራውን ማስተካከል አይቻልም፤ መስመሩን ግን ማበጀት ይቻል ነበር። የጥንቱ የልደታ መንደር ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካና በ2008 ዓ.ም. መስከረም የከተማው ባቡር በልደታ ማለፍ ሲጀምር ለብስክሌት የታሰበለት ቦታ እምብዛም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ዋና ዋና ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ አወጣች፤ መነሻው ከጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑና የብስክሌት ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አለመሙላቱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ጀምሮ ሜክሲኮን ጨምሮ በበርካታ ጎዳናዎች ላይ ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መስመር ዘረጋ።

መስመሩ በክረምት ጥቅም ላይ የሚውለው ግን የውሃ መውረጃው ሲሠራ ነው። የተደፈነ ቱቦ ከጠርዙ በላይ የሚተፋው ጎርፍ የሚተኛው በብስክሌቱ መስመር ላይ ነው፤ ብስክሌተኛውም ተመልሶ ከመኪናው ጋር ይጋፋል። ነጋዴው መስመሩ ላይ ዕቃ ሲያስቀምጥበት ወይም መኪና ሲቆምበትም ያው ነው። ብስክሌተኛው ሥራ ቦታ ሲደርስ ደግሞ ብስክሌቱን ከዝናብ የሚያስጠልልበት ጣሪያና እርጥብ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል ይፈልጋል፤ አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሠራው የመኪና ማቆሚያ ነው።