የረር በር፣ የረር ጎሮ፣ የረር

በምሥራቅ አዲስ አበባ በታክሲ የምትመላለሱ ከሆነ «የረር በር»፣ «የረር ጎሮ» የሚሉትን ስሞች ደጋግማችሁ ሰምታችኋል። የረር ራሱ ምን እንደሆነ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰሚት አካባቢ ስምንት ዓመት ኖሬ አላውቅም ነበር። በነገራችን ላይ «ሰሚት» በእንግሊዝኛ የተራራ አናት ማለትም ነው። እንዲህ ያለ ስም ባለው ሰፈር እየኖርን፣ በየጠዋቱ በምሥራቅ በኩል ፊት ለፊታችን የሚቆመውን ተራራ በስሙ አለማወቃችን ትንሽ ያሳፍራል።

ባለፈው ጥቅምት የወጣቶች ኅብረታችን አሥራ ሰባት ሆኖ ወደዚያ ተራራ ወጣ። ገና ሳይነጋ ጸልየን ተነሣን። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የረር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ እግር ግን ሌላ ይናገራል። ከመዘምራኑ አንዱ ጊታሩን ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ እኩሌታው መንገድ ላይ ስንደርስ ጊታሩ በየተራ የምንሸከመው የጋራ ዕዳ ሆነ። የረር ከረጅም ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ድንጋዩም ይህንኑ ይመሰክራል።

አናቱ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታዩት ከተማውን ነው። ከከተማው ባሻገር ወጨጫ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንጦጦ፣ ወደ ደቡብ ዝቋላ ይታያሉ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደግሞ ሜዳው ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሞጆ ይዘረጋል። ኮሌጅ የተማርኩት ታሪክ ነውና፣ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ እኔ ከቦርሳዬ የአንድ አሮጌ ካርታ ቅጂ አወጣሁ።

ካርታውን የሠራው ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ነው፤ ዘመኑም 1450 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በአገራችን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡበት ጊዜ ነው። ማውሮ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ከአገሩ ሰዎች የሆኑ መነኮሳት አውራጃዎቻቸውንና ከተሞቻቸውን በገዛ እጃቸው ስለው እንዳሳዩት ግን እዚያው ካርታው ላይ ጽፏል። በ1441 እ.ኤ.አ. በፍሎረንስ ጉባኤ የተገኙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እንደነበሩም እናውቃለን። እስቲ አስቡት፤ ያኔ በእግር፣ በበቅሎና በመርከብ እስከ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም እስከ ጣሊያን! በዚያ ካርታ ላይ «ባራራ» የሚባል የነገሥታት ከተማ ተጽፏል። ከዚያ በኋላም አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ቬኒሳዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ ወደ ባራራ የሚወስዱ መንገዶችን መዝግቧል።

ባራራ የት ነበረች? ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስት ከወጨጫ እስከ የረር ባለው ምድር ያሉ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታዎችን አጥንተው በ2009 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በትክክለኛው ቦታዋ ላይ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክራቸው የሚካሄደው ግን እኛ ተቀምጠን ዳቦ በምንበላበት አናት ዙሪያ ስላለው አገር ነው።

ቀጥዬ ጣቴን ወደ ሞጆ አቅጣጫ ዘረጋሁ። በ1521 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ የተዋጉት በዚያ በኩል ነው። ንጉሡ ተሸነፈ፤ ጦርነቱም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። ይህን ስናገር አንዲት እኅት «እኛ ታዲያ በየትኛው ወገን ነን?» አለችኝ። እናቷ ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣች ናት። አጠገቧ የተቀመጠው ወንድም ኦሮሞ ነው፤ ከጎኑ ያለው አያቱ ቄስ ነበሩ። ከአሥራ ሰባታችን ውስጥ ቅድመ አያቶቹ በዚያ ቀን የት እንደቆሙ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ብዙዎቻችን ወንጌል ወደ ቤታችን ከገባበት ቀን በፊት ያለውን ታሪክ የሌሎች ንብረት አድርገን እንተወዋለን። እኔ ይህ ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለጥያቄዋ ግን ያን ቀን የተስተካከለ መልስ አልነበረኝም።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ራቀ፤ በዚህ ምድር ቱለማ ኦሮሞ ሰፍሮ ኖረ። ዛሬ ታክሲ ላይ የምንጠራቸው ጉለሌና ገላን የጎሳ ስሞች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የከተሙት የጥንት ነገሥታትን ከተማ ፍርስራሽ አገኘን ብለው ነበር። «አዲስ» የሚለው ስም እንግዲህ ትንሽ ያታልለናል፤ ነገሩ የተጀመረው አሮጌውን በመፈለግ ነው።

ስንወርድ በተራራው ግርጌ አንድ ሽማግሌ ውኃ ሰጡን። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ ኦሮሞው ወንድማችን አስተረጎመልን። ምን ልናይ እንደወጣን ጠየቁን። «ታሪክ» ስንላቸው ሳቁና በዱላቸው ወደ ምዕራብ አመለከቱ። በወጣትነታቸው ያረሱት ማሳ ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ነው፤ ከመካከላችን አራቱ የሚኖሩት እዚያ ነው። ቅሬታም ቁጣም አላሰሙም፤ ጤፉ የት ላይ ይበልጥ ያምር እንደነበር ብቻ በዝርዝር ነገሩን። ከአራቱ አንዱ «አባባ፣ ማሳው ስም ነበረው?» ብሎ ጠየቀ። ነበረው። የማሳውን ስም፣ የወንዙን ስም፣ ከብቶቹ የሚያርፉበትን ዛፍ ስም ነገሩን። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ቤቴ ገብቼ ባለኝ ካርታ ሁሉ ብፈልግ አንዱንም አላገኘሁም።

ጥር ላይ ወደ ሽማግሌው እንመለሳለን፤ ቀሪዎቹን ስሞች ሊነግሩን ቃል ገብተዋል። ለሰው ሁለት ሊትር ውኃና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ኦሮምኛ የምትችሉ ቅድሚያ አላችሁ።