መገኛን መሠረት ያደረገ ዋጋና አገልግሎት

መገኛን መሠረት ያደረገ ዋጋና አገልግሎት ማለት በኢንተርኔት የሚሸጡ ድርጅቶች ደንበኛው ያለበትን ቦታ ለይተው ዋጋውን፣ የመክፈያ መንገዱን ወይም አገልግሎቱ ይሰጠው እንደሆነ የሚወስኑበት አሠራር ነው። ጉዳዩ የካፋ ዞንንና የዋና ከተማውን የቦንጋን ሰው በሁለት በኩል ይነካል፤ የአካባቢው የጫካ ቡና በውጭ አገር የኢንተርኔት ሱቆች ይሸጣል፣ ነዋሪውም በእጅ ስልኩ ከሩቅ አገር አገልግሎት ይፈልጋል።

አሠራሩ

ዋናው መለያ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከኢንተርኔት የተገናኘ መሣሪያ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ነው። የአፍሪካን የአይፒ አድራሻዎች የሚያከፋፍለው መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ሲሆን፣ እንደ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ያሉ ኩባንያዎች የተመደበላቸውን ለደንበኞቻቸው ያዳርሳሉ። አድራሻው አገርን በአብዛኛው በትክክል ያሳያል፤ ከተማን ሲለይ ግን ይስታል። በሞባይል ዳታ ብዙ ስልኮች አንድ የወል አድራሻ ስለሚጋሩ፣ ቦንጋ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ የስልኩ ጂፒኤስ፣ በ251 የሚጀምረው ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ካርዱ የወጣበት አገርና የመላኪያ አድራሻ ይታያሉ። ግንኙነትን በሌላ ቦታ በኩል የሚያሳልፈው ቪፒኤን የሚለውጠው የአይፒ አድራሻውን ብቻ ስለሆነ፣ ካርዱ ወይም ስልክ ቁጥሩ ሲጠየቅ እውነተኛው አገር ይታወቃል።

የዋጋ ልዩነት

አንዳንዱ ልዩነት ከሕግ የሚመነጭ ነው። ጀርመን ውስጥ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ላይ 2.19 ዩሮ የቡና ታክስ ይከፈላል፤ 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይታከልበታል። ስለዚህ ያው የካፋ ቡና ከአንድ ሱቅ ቢታዘዝም ለጀርመን ነዋሪና ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላለ ገዢ የሚወጣው ሂሳብ ሊለያይ ይችላል፤ የመላኪያው ዋጋም ሌላ ነው።

ሌላው ልዩነት ከገበያ ስሌት ይመጣል። ዎል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳጋለጠው፣ ስቴፕልስ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ ሻጭ በድረ ገጹ ላይ ለአንድ ዕቃ የተለያየ ዋጋ ያሳይ ነበር። ቅናሹ በአብዛኛው የሚደርሰው የተፎካካሪ ሱቅ ለሚቀርባቸው ሰዎች ነበር። እንዲህ ያለው ስሌት ከትልቅ ገበያ የራቀውን ገዢ ይጎዳል፤ አማራጭ ያጣው ሰው፣ ማጣቱ ራሱ ተጨማሪ ያስከፍለዋል። ቦንጋን ለመሰሉ ከተሞች አሳሳቢው ይህ ነው።

መከልከልና መፍቀድ

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮች ሲገባ፣ የፊልሞቹ ዝርዝር በየአገሩ የተለያየ ነበር፤ የማሳየት መብት የሚሸጠው በአገር ነውና። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሲቀርብ ደግሞ ኢትዮጵያ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውጭ ነበረች፤ የተከፈተላት ዘግይቶ ነው።

መገኛ በር የሚከፍትበትም ጊዜ አለ። በዓለም የጤና ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪና ለግብርና የተቋቋመው አጎራ፣ በአነስተኛ ገቢ አገሮች ለተመዘገቡ ተቋማት የምርምር መጽሔቶችን በነጻ ወይም በቅናሽ ያቀርባሉ። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት ወገን ናት። በዩኒቨርሲቲም ሆነ በግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ቡና በሽታ ወይም ስለ ቦንጋ በግ ዝርያ የሚያጠና ባለሙያ፣ ተቋሙ እስከተመዘገበ ድረስ፣ በሀብታም አገር በክፍያ የሚነበበውን ጽሑፍ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። መስፈርቱ የታወቀ፣ የአገሮቹም ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው።

ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/302 ከታኅሣሥ 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጮች የኅብረቱን ገዢዎች ያለ በቂ ምክንያት በዜግነት ወይም በመኖሪያ እንዳይለዩ ይከለክላል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ አሰባሰብና አጠቃቀም በሕግ ይገዛል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ አዋጆች ለሸማቹ የሚጠቅሙት ግን ገዢው የመገኛው መረጃ መወሰዱንና በዋጋው ላይ ምን እንዳስከተለ ከመክፈሉ በፊት ሲያውቅ ነው። በግብር ወይም በመላኪያ የመጣ ጭማሪ በሂሳቡ ላይ ተለይቶ ሊጻፍ ይችላል፤ ተለይቶ ሊጻፍ የማይችል ጭማሪ ሸማቹ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።