ከአደጋ በኋላ የአቪዬሽን የሙያ ፈቃድን ስለ መተካትና የፌዴራል ዕርዳታ ስለ መጠየቅ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ መረጃ

በአሜሪካ በአብራሪነት ወይም በአውሮፕላን ጥገና የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቤታቸው በጎርፍ፣ በአውሎ ነፋስ ወይም በእሳት ሲጎዳ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ ይገጥማቸዋል። የጠፋው የሙያ ፈቃድ የሚተካው በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ.ኤ.ኤ) ሲሆን፣ ለተጎዳው ቤትና ንብረት ዕርዳታ የሚጠየቀው በፌዴራል የአደጋ ጊዜ ሥራ አመራር ኤጀንሲ (ፌማ) ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸው የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የተሰጠ ማስታወቂያ ለሌላው እንደ ተሰጠ አይቆጠርም።

አድራሻ

አደጋ የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ ቤት ወይም በሆቴል ይቆያል። ለፌማ ሲያመለክት ሁለት አድራሻ ማስመዝገብ አለበት፤ አንደኛው ጉዳት የደረሰበት ቋሚ መኖሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚደርስበት የአሁኑ አድራሻ ነው። የዘመድን ቤት እንደ ቋሚ መኖሪያ ማስመዝገብ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ አመልካቹ ጉዳት በደረሰበት ቤት ይኖር እንደ ነበር ለማረጋገጥ ያስቸግራል። በኤፍ.ኤ.ኤ በኩል ቋሚ የፖስታ አድራሻው የተለወጠበት ባለ ፈቃድ በ30 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይኖርበታል። ሳያስታውቅ 30 ቀን ያለፈው አብራሪ ፈቃዱ ባይሰረዝም እስኪያስታውቅ ድረስ ሊሠራበት አይችልም።

ስምና የትውልድ ቀን

የወገኖቻችን ማመልከቻ ከሚሰናከልባቸው ነጥቦች መካከል ልዩ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። በአንዱ ሰነድ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። «ኃይሉ» ወይም «ጸጋዬ» የሚለው ስምም በላቲን ፊደል ሁለትና ሦስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት መስከረም 1 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ ይህን ሳያስተውሉ የተሰላ ቀን በአንድ ቀን ይሳሳታል። ለእኛ ግልጽ የሆነው ልዩነት ለመዝገብ ሠራተኛው የሌላ ሰው ሰነድ መስሎ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ ከመላኩ በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ ፓስፖርቱን፣ የመንጃ ፈቃዱንና የሙያ ፈቃዱን ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ይገባል። ኤፍ.ኤ.ኤ ስም የሚለውጠው የጋብቻ ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ የመሰለ ሕጋዊ ሰነድ ሲቀርብለት ነው።

የጠፋ ፈቃድና የበረራ መዝገብ

የአብራሪነት ፈቃድ ምትክ የሚጠየቀው ኦክላሆማ ሲቲ ከሚገኘው የኤፍ.ኤ.ኤ የባለሙያዎች ምዝገባ ክፍል ሲሆን ክፍያው 2 ዶላር ነው። ከቢሮ ደጅ ጥናት ጋር ሲነጻጸር ክፍያው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ምትኩ እስኪደርስ ድረስ እስከ 60 ቀን የሚያገለግል ጊዜያዊ ማረጋገጫ መጠየቅ ይቻላል። አብራሪ በሚበርበት ጊዜ ፈቃዱን፣ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያውንና ለበረራው የሚያስፈልገውን የጤና ብቃት ምስክር ወረቀት መያዝ ስላለበት፣ የጠፋ የጤና ምስክር ወረቀት ለብቻው ምትክ ይጠየቅበታል።

በውሃ የተበላሸ የበረራ መዝገብ (ሎግ ቡክ) ግን በ2 ዶላር አይተካም። ባለ መዝገቡ ስለ መጥፋቱ የተፈረመ መግለጫ ያዘጋጃል፤ የበረራ ሰዓቱንም ከአውሮፕላን ኪራይ ደረሰኞች፣ ከአሠሪው መዝገብና ቀደም ሲል ለፈቃድ ካቀረባቸው ማመልከቻዎች ቅጂ በማሰባሰብ ያስረዳል። የማመልከቻዎቹን ቅጂ ከኤፍ.ኤ.ኤ ማስመጣት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ፈቃዱ መሠረት የአሜሪካ የግል አብራሪነት ፈቃድ የወሰደ ሰው አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። የአሜሪካው ፈቃድ የሚያገለግለው የኢትዮጵያውን ፈቃድ አብሮ ሲይዝ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ከጠፉ የአሜሪካውን ብቻ መተካት አይበቃም፤ የኢትዮጵያውንም ምትክ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ውጭ አድራሻ ብቻ ያለው ባለ ፈቃድም ከጁላይ 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ሰነድ የሚቀበልለት ወኪል ማስመዝገብ ግዴታው ነው።

የፌማ ዕርዳታ

ዕርዳታው የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ የከባድ አደጋ አዋጅ ባወጀበትና የግለሰብ ዕርዳታ በተፈቀደበት ካውንቲ ነው። የማመልከቻው ጊዜ እንደ ደንቡ አዋጁ ከወጣበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ሲሆን፣ ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ በአደጋ ማገገሚያ ማዕከል ወይም በስልክ 1-800-621-3362 ይቀርባል። በስልክ የሚያመለክት ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደላቸው ማመልከት ይችላሉ። ወላጆች መስፈርቱን ባያሟሉም አብሯቸው በሚኖር፣ 18 ዓመት ባልሞላውና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባለው ዜጋ ልጃቸው ስም ማመልከት ይቻላል።

መድን ያለው ሰው አስቀድሞ ለመድን ድርጅቱ ማስታወቅ አለበት፤ ፌማ መድን የሸፈነውን ኪሳራ ደግሞ አይከፍልም። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት ነገር አለ። በራሳቸው ገንዘብ የገዟቸው፣ ለሥራቸው የግድ የሆኑ መሣሪያዎች በአደጋው ከጠፉ ወይም ከተበላሹ በዕርዳታው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከደረሰኝ ወይም ከፎቶግራፍ ጋር፣ መሣሪያዎቹ ለሥራው አስፈላጊ መሆናቸውን ከሚገልጽ የአሠሪ ደብዳቤ ጋር ማቅረብ ይጠቅማል። ለማመልከትም ሆነ ለቤት ፍተሻ ክፍያ የለም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ መርማሪ የፌማ ሠራተኛ አይደለም።

ከፌማ «አልጸደቀም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ሰው ተስፋ ቆርጦ ከመተው በፊት ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ አለበት። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጎደለ ሰነድ ነው፦ የመድን ድርጅት ውሳኔ፣ የማንነት ማረጋገጫ ወይም በቤቱ ይኖር እንደ ነበር የሚያሳይ የመብራት ደረሰኝ ወይም የኪራይ ውል። ይግባኝ የሚቀርበው በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ጊዜው የሚቆጠረው ደብዳቤው እጅ ከገባበት ቀን አይደለም። በሚላከው እያንዳንዱ ገጽ ላይ የአመልካቹ ሙሉ ስም፣ 9 አሃዝ ያለው የማመልከቻ ቁጥርና የአደጋው ቁጥር ይጻፋል፤ የሁሉም ቅጂ በአመልካቹ እጅ ይቀራል።